ጤፍ ገዝታችሁ እዛው የምታስፈጩ፣ አይናችሁን ከማዳበሪያው ላይ እንዳትነቅሉ

ቤተሰብ ሰላም ዋላችሁ። እኔ ሰላም አልዋልኩም። ቅዳሜ እለት 50 ኪሎ ጤፍ ገዝቼ እዛው አስፈጭቼ ቤቴ ገባሁ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጤፍ ብዬ የከፈልኩበት ዱቄት ኩሽና ጥግ ተቀምጦ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስም አልጠራም ሰፈሩንም አልናገርም፣ ማስረጃ የለሽም ብለው መልሰው እኔኑ እንዳይከሱኝ፣ ግን አይነቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ከፊት ማዳበሪያዎቹን አፋቸውን ገልብጠው የሚደረድሩ፣ ከኋላ ወፍጮ ያላቸው፣ «ገዝተው እዚሁ ያስፈጩ አይንገላቱ» የሚሉት።

ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ። እኛ ቤት አምስት ነን፣ እኔ ባለቤቴና ሶስት ልጆች። ለወር አስቤዛ የምንመድበው 14,000 ብር ነው፣ ከዛ በላይ ብናስብም የለም። ደሞዝ በወጣ ማግስት መጀመሪያ የሚገዛው ጤፍ ነው፣ እንጀራ ካለ በሽሮም በጎመንም በድንችም ወሩ ይገፋል፣ እንጀራ ከሌለ ግን ሌላው ሁሉ ቢኖር ቤቱ ቤት አይመስልም። ከአንድ ኪሎ 4 እንጀራ አወጣለሁ፣ 50 ኪሎ ማለት 200 እንጀራ ነው፣ በቀን ስድስት ሰባት እያልን ወር ያደርሰናል። ከጤፉና ከማስፈጫው በቀረው 6,500 ዘይት፣ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ስኳር፣ ሳሙና ሳይቀር ይሸፈናል፣ ሸማቾች ማህበር ዘይት የመጣ ቀን ተሰልፌ እይዛለሁ፣ አትክልቱን ከእሁድ ገበያ እገዛለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልን ነው የምንኖረው። ለምን የሱቅ እንጀራ አትገዢም የሚሉኝ አሉ፣ እኛ ሰፈር አንዱ 25 ብር ነው፣ አራቱ 100 ብር ማለት ነው፣ የጤፍ ኪሎ ደግሞ ከ140 በላይ ገብቷል፣ ታዲያ ውስጡ ጤፍ ብቻ እንዳልሆነ ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። ከአመታት በፊት እንጀራ ላይ ጄሶና ሰጋቱራ ሲቀላቅሉ ተያዙ የተባለ ጊዜ ነው እኔ ከውጪ መግዛት ያቆምኩት፣ ለልጆቼ ምን እንደማበላ ልወቅ ብዬ። እና ያን ሁሉ ተጠንቅቄ በገዛ እጄ፣ በገዛ ገንዘቤ፣ ተሸክሜ አመጣሁት።

ሁሌ የምገዛበት ወፍጮ ቤት አለ፣ ሴትዮዋ ቆጣ ቆጣ ትላለች እንጂ እህሏ እህል ነው። በዚህ ወር ኪሎውን 155 አደረገችው። እዚህ አዲሱ ጋ 145 ነው ሲሉኝ ሂሳብ ሰራሁ፣ በ50 ኪሎ 500 ብር ይተርፈኛል፣ ለሁለተኛዋ ልጄ ጫማ መጨመሪያ ትሆናለች አልኩ፣ ጫማዋ አውራ ጣቷ ጋ ተቀዶ ካልሲዋ ይታያል። በ500 ብር ነው የሸጡኝ በአጭሩ።

የገባሁ ጊዜ አቀባበሉን ብታዩት። ልጁ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እትዬ ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ እርስዎ የሚፈልጉትን እኔ አውቃለሁ» አለኝ፣ መዳፌ ላይ ዘገነልኝ፣ «የአድአ ማኛ ነው፣ ከራሚ ነው፣ ይዩት አሸዋ የለው እንክርዳድ የለው»፣ እውነትም ጤፉ የሚያምር ነበር፣ ነጭ፣ ንጹህ፣ በጣቴ ሳሸው የሚንሸራተት። ማዳበሪያውን ወደ ውስጥ እጄን ሰድጄ ከታችም ዘገንኩ፣ ያው ነው። አፉ ላይ የተሰፋበት ክር ቀይ ነበር፣ ግማሹ ተተርትሮ ተንጠልጥሏል፣ ይሄን ክር አስታውሱልኝ። ሚዛኑ ላይ ወጣ፣ 50 ተባለ፣ እኔም አየሁት፣ በቃ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ እኮ!

ከዛ ልጁ ማዳበሪያውን እየጎተተ ወደ ወፍጮው ወሰደው፣ እኔም ተከተልኩት፣ እንደ ደንቡ። ወፍጮው አጠገብ ሳልደርስ ባለቤቱ ከጠረጴዛው ጋ ሆኖ ጠራኝ፣ «እትዬ ክፍያውን ጨርሱልኝ፣ ኔትወርክ ሊጠፋ ነው»። ተመለስኩ። የጤፉ 7,250፣ የማስፈጫው 250፣ ድምሩ 7,500። በሞባይል ባንኪንግ ላስገባ ስል የሚሰጠኝ የአካውንት ቁጥር ስህተት ነው፣ እንደገና አነበበልኝ፣ አንድ ቁጥር ጎደለ፣ እንደገና፣ ከዛ ሜሴጁ አልገባልኝም አለ፣ ስልኩን እያገላበጠ «ትንሽ ጠብቂ»፣ በዚህ መሃል ወፍጮው ሲነሳ ሰማሁት። ጀርባዬን ሰጥቻለሁ። ቢበዛ ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሜሴጁ ገባ ሲለኝ ሮጥ ብዬ ሄድኩ፣ ዱቄቱ በጨርቁ ውስጥ እየወረደ የኔ ነው የተባለው ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፣ ልጁ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ፈገግ ይልልኛል፣ ወፍጮው እግር ስር አንድ ባዶ ማዳበሪያ ወድቋል። አፉ ላይ ያለው ክር ሰማያዊ ነበር።

አየሁት። በአይኔ በብሌኑ ነው ያየሁት። ሰማያዊ መሆኑን አይቼ፣ የሆነ ነገር ልቤን ቆንጠጥ አድርጎኝ፣ ከፊቴ የነበረ ሰው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ከፊቴ ማንም አልነበረም! እኔ ስገባ ወፍጮው ቆሞ ነበር። ቀይ ክር ያለው ማዳበሪያ የታል ብዬ ብጠይቅ ኖሮ፣ አንዲት ጥያቄ፣ እዛው ያልቅ ነበር። ሰው ፊት ሌባ ማለት ነውር መሰለኝ፣ ልጁ ደግሞ እትዬ እትዬ እያለ አፌን ዘጋው። እናቴ ገጠር ሳለን ወደ ወፍጮ ስትልከኝ «ከእህልሽ አይንሽን አትንቀይ፣ ቢጠሩሽም አትስሚ» ብላ ነበር የምትሸኘኝ፣ የዘጠኝ አመት ልጅ ሆኜ የጠበቅኩትን የሶስት ልጆች እናት ሆኜ መጠበቅ አቃተኝ፣ ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ደረሰኝ ስለውም «ለጤፍ ደሞ ደረሰኝ» ብሎ ሲስቅ አብሬው ስቄ ወጣሁ።

ቅዳሜ ማታ 5 ኪሎ አቦካሁ። እርሾዬ የከረመ ነው፣ አስር አመት የጋገርኩበት። ሊጡ ሲነካ ልክ አልነበረም፣ ይሻክራል፣ ጤፍ ሲቦካ እጅ ላይ እንደ ሐር የሚሄደው ነገር የለም፣ ማኛ ስለሆነ ይሆናል አልኩ፣ አያችሁ አሁንም ራሴን እያሞኘሁ። ማክሰኞ ውሃውን አቅርሬ አብሲት ጥዬ ምጣዱን ጣድኩ። የመጀመሪያው አይን አላወጣም። ሁሌም የመጀመሪያው አያምርም ብዬ ሁለተኛውን፣ ሶስተኛውን። ልሙጥ ነው፣ አልፎ አልፎ ጠብ ጠብ ያለ ቀዳዳ፣ ጠርዙ ደርቆ ይነሳል መሃሉ ይጣበቃል፣ በሰፌድ ላወጣ ስል ለሁለት ተቀደደ። ሩዝ ይሁን በቆሎ ይሁን ነጭ ማሽላ እኔ አላውቅም፣ ጤፍ ብቻ እንዳልሆነ ግን አፌ ያውቃል። ሃያውንም ጋገርኩት፣ ምን ላድርግ፣ ደፍቼ ከየት ላመጣ።

ረቡዕ ለባለቤቴ ምሳ ቋጠርኩለት፣ ሽሮ ከላይ አድርጌ እንጀራውን ጠቅልዬ። ሰባት ሰአት ላይ ደወለ። «ዛሬ ፍርፍር ነው እንዴ የሰራሽልኝ?» አለኝ፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ምሳ እቃው ውስጥ ተፈርፍሮ ዱቄት ሆኖ፣ ከባልደረባው ማንኪያ ተውሶ ነው የበላው። አዎ ፍርፍር ነው አልኩት። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ከዛ ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ።

ሁለት እንጀራ በፌስታል፣ ትንሽ ዱቄት በጠርሙስ ይዤ ነው የሄድኩት። ከመውጣቴ በፊት የቀረውን ዱቄት ባለሱቃችን ጋ አስመዝኜዋለሁ፣ 5 ተነስቶ 45 መቅረት ሲገባው 41 ከግማሽ ነው፣ ወፍጮ ላይ ትንሽ እንደሚቦን አውቃለሁ፣ ሶስት ኪሎ ተኩል ግን አይቦንም። ያው ልጅ ነበር። ከወንበሩ አልተነሳም። እትዬም የለ እርስዎም የለ። «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። እንጀራውን አውጥቼ ሚዛኑ ላይ ዘረጋሁለት፣ ሲዘረጋ ተሰባበረ፣ እይ ይሄ ጤፍ ነው ወይ አልኩት። «እርሾሽ ሞቶ ይሆናላ፣ ምጣድሽን አሰሺው» አለኝ፣ ጢሙ እንኳን በደንብ ያልወጣ ልጅ እኔን ምጣድ አሰሳ ሊያስተምረኝ። ቀይ ክሩን ሰማያዊ ክሩን ነገርኩት፣ ባለቤቱ ቀና ሳይል ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በጣቱ አሳየኝ፣ «የተፈጨ እህል አይመለስም»። ቅዳሜ እለት አላየሁትም ነበር እኮ፣ ወይም እዛ አልነበረም። አካውንታችሁ ውስጥ 7,500 ገብቷል ስለው «7,500 የገባው ለጤፍ ነው፣ ጤፍሽን ወስደሻል»። አንዱ ተሸካሚ ከበሩ ሆኖ «ግማሽ ኩንታል ገዝታ አስር ኩንታል እንደገዛ ሰው ትጮሃለች» አለ፣ ሳቁ።

ይሄም ይሁን። ልጁ ግን ሌላ ደንበኛ ሲመጣበት ሚዛኑ ላይ የዘረጋሁትን እንጀራ በእጁ ጠርጎ መሬት ጣለው። መሬት ላይ፣ ሰው በሚረግጥበት። እንጀራ ቢወድቅበት አንስቶ የሚስም ሰው ቤት ነው ያደግኩት። ጎንበስ ብዬ ስለቅም «ሴትዮ መንገድ አትዝጊ» አለኝ። ደንበኛዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ነፍሰ ጡር ነገር መሰለችኝ፣ ልጁ ዞር ብሎ ለሷ «እመቤት ይምጡ፣ ይቀመጡ» ሲላት ሰማሁ፣ ያችኑ ቃል። እዚህ አትግዢ አልኳት ጮክ ብዬ፣ ደንግጣ አየችኝ፣ ትውጣ ትግዛ አላየሁም፣ ገፍትረው አስወጡኝ።

ዛሬ ጠዋት ወረዳ ንግድ ጽህፈት ቤት ሄጄ ነበር። የተቀበለችኝ ልጅ በስርአት ነው ያናገረችኝ፣ አዋጅ አለ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ባእድ ነገር መቀላቀልም ክልክል ነው፣ ደረሰኝ መስጠትም የነጋዴው ግዴታ ነው፣ ግን አንቺ ደረሰኝ ከሌለሽ፣ ገንዘቡ ደግሞ በግለሰብ ስም አካውንት ከገባ፣ ዱቄቱም ቤትሽ ከገባ በኋላ ከሆነ ከነሱ መውጣቱን በምን እናረጋግጣለን አለችኝ። ማመልከቻ ጽፌ አስገብቻለሁ። እናያለን።

እና እባካችሁ፣ ክፍያ ከፈለጉ ከመፈጨቱ በፊት ወይም ታስሮ እጃችሁ ከገባ በኋላ ክፈሉ፣ ወፍጮው እየዞረ ግን ማንም ቢጠራችሁ ወደ ኋላ እንዳትዞሩ፣ ሁለት ሆናችሁ ብትሄዱ ይሻላል፣ የማዳበሪያውን አፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ዱቄቱን እንደገና አስመዝኑ፣ ደረሰኝ አንሰጥም ካሉ ጤፉ ማኛ አይደለም ወርቅ ቢሆን ጥላችሁ ውጡ። የቆየ ወፍጮ ቤታችሁ አስር ብር ቢጨምርም እዛው ሁኑ።

እኔ ጋ አሁን 41 ኪሎ ተኩል ዱቄት አለ፣ ወሩ ደግሞ ገና አንድ ሳምንቱ ነው። ጎረቤቴ 10 ኪሎ የራሷን ጤፍ አበድራኛለች፣ እግዜር ይስጣት፣ ከዚህኛው ጋር ቀላቅዬ ቅዳሜ ላቦካ ነው። እንዲህ አይነት ዱቄት ገጥሟችሁ በጤፍ ያዳናችሁት ካላችሁ ስንት በስንት እንደቀላቀላችሁና አብሲቱን ምን ያህል እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ፣ የጎረቤቴን ጤፍ ደግሞ እንዳላበላሸው ፈርቻለሁ።