ለሊድ ምስክር ወረቀት የትኛውን የሽንት ቤት መቀመጫ እንግዛ? 6/3፣ 4.5/3 ወይስ 4.8

ሻጩ «3 ሊትር ብቻ ነው የሚፈጀው» ሲላችሁ የሚነግራችሁ ስለ ትንሹ ቁልፍ ነው፤ 6/3 ማለት ትልቁ ቁልፍ 6፣ ትንሹ 3 ሊትር ይለቃል ማለት ነው። ለሊድ (LEED)፣ ማለትም ለአረንጓዴ ሕንጻ ምስክር ወረቀት የሚቀርበው ስሌት ግን ትልቁን ቁልፍም ይቆጥራል፤ ተጠቃሚው ወንድ ነው ወይስ ሴት ብሎም ይጠይቃል። የቢሮ ሕንጻ የምታሠሩ ከሆነ ከዋጋው በፊት ይህን እወቁ።

በሊድ 4ኛ እትም (v4) የመቀመጫው መነሻ ልክ አንዴ ሲለቀቅ 6 ሊትር ነው። አንዲት ሠራተኛ በቀን 3 ጊዜ ትጠቀማለች ተብሎ ይታሰባል፦ 2 ጊዜ በትንሹ ቁልፍ፣ 1 ጊዜ በትልቁ። ወንዱ 2 ጊዜ ወደ ግድግዳ መሽኛው ይሄዳል፤ መቀመጫውን የሚጠቀመው 1 ጊዜ ሲሆን እሱም በሙሉ ውሃ ይታሰባል።

50 ሴቶችና 50 ወንዶች የሚሠሩበትን ቢሮ እንውሰድ። በመነሻው ልክ መቀመጫዎቹ በቀን 1,200 ሊትር ይፈጃሉ። ባለ አንድ ቁልፉ 4.8 ሊትር 960 ላይ ያደርሰዋል፤ ቁጠባው 20 በመቶ ነው። ባለ ሁለት ቁልፉ 6/3 በሁሉም ክፍል ቢገጠም 900 ሊትር፣ 4.5/3 ደግሞ 750 ሊትር ይሆናል።

ብዙ ገዢ የማያስተውለው የወንዶቹን ክፍል ነው። መሽኛ ባለበት ክፍል የ6/3 ትንሽ ቁልፍ በስሌቱ አንዳች ዋጋ የለውም፤ መቀመጫው እንደ 6 ሊትር ይቆጠራል። በዚያ ክፍል 4.8 ገጥማችሁ 6/3ን ለሴቶቹ ብቻ ብታደርጉት ፍጆታው ወደ 840 ይወርዳል። ለሴቶቹ 4.5/3፣ ለወንዶቹ 4.8 ከሆነ 765 ሊትር ነው፤ ሁሉንም 4.5/3 ከማድረግ የሚለየው በ15 ሊትር ብቻ ነው። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ባለ አንድ ቁልፉ መለዋወጫው ቀላል ነውና። መሽኛ ከሌለ ግን ወንዱም 3 ጊዜ ስለሚቆጠር በሁለቱም ክፍል 4.5/3 ይሻላል።

ይህ እትም የሚያስገድደው የ20 በመቶ የውሃ ቅነሳ የእጅ መታጠቢያውን፣ ሻወሩንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ ጨምሮ በድምር የሚታይ ነው። ስለዚህ 4.8 ብቻውን ያለ ትርፍ ድንበሩ ላይ ያቆማችኋል።

ከመክፈላችሁ በፊት የትልቁም የትንሹም ቁልፍ ሊትር የተጻፈበትን የአምራቹን ሰነድ ጠይቁ። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ከኋላ ባለው ማጠራቀሚያ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሩና ሳትለቁት ቆዩ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ የውስጡ ጎማ አልገጠመም ማለት ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሳይሄድ አስተካክሉት።