የፑሽካር የግመል ገበያ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት

ለትምህርትም ሆነ ለህክምና ህንድ ያላችሁ ወገኖች፣ መስከረም ሲጠባ ዴልሂ ውስጥ የፑሽካር ፓኬጅ የሚሸጥላችሁ ደላላ አይጠፋም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህን አንብቡ።

ፑሽካር የህንድ ግዛት በሆነችው ራጃስታን ውስጥ፣ ታር በረሃ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የከብት ገበያዋ የሚያበቃው በሂንዱዎች የካርቲክ ወር ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን ነው። ስለዚህ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2017 ዓ.ም ህዳር 6፣ በ2018 ዓ.ም ደግሞ ጥቅምት 26 ላይ ነበር የዋለው።

ተንኮሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግመል ነጋዴዎቹ ቀደም ብለው መጥተው፣ ሸጠው ለውጠው፣ ቀደም ብለው ይሄዳሉ። የመጨረሻዎቹ ቀናት የሃይማኖቱ በዓል ናቸው፤ ከተማው ቅዱስ ሐይቁ ውስጥ ሊነከር በመጣ ምዕመን ይጨናነቃል። ደላሎቹ ግን «ዋናው ቀን» እያሉ በውድ የሚሸጡት እነዚህኑ ነው። ለእኛም የሸጡልን ይህንኑ ነው። ስንደርስ የገበያው ሜዳ ላይ የቀረው ፋንድያ፣ የከሰመ እሳት አመድና ለቱሪስት ፎቶ ያሸበረቁ ጥቂት ግመሎች ነበሩ። በዚያ ላይ ግመሉ ራሱ እየቀነሰ ነው። ራጃስታን እ.ኤ.አ. በ2015 ግመል ያለ ፈቃድ ከግዛቱ እንዳይወጣ የሚያግድ ህግ ካወጣች ወዲህ ገበያው ተቀዛቅዟል፤ አርቢዎቹ ራሳቸው በዚህ ያማርራሉ። አሁን ፈረስ ይበዛል።

«የመግቢያ ትኬት» ተብሎ ሂሳባችን ውስጥ የገባ ገንዘብም ነበር። ሜዳው መግባት በነጻ ነው! «ከሜዳው አጠገብ» የተባለው የማደሪያ ድንኳናችን ደግሞ ያለ ባጃጅ የማይደረስበት ሆነ። እራት ላይ ስጋና ቢራ አለ የሚላችሁን አትመኑ። ፑሽካር የተቀደሰች ከተማ ስለሆነች ስጋ፣ እንቁላልም ሆነ አልኮል መሸጥ ክልክል ነው።

ሐይቁ ጋ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ወደ ውሃው በሚያወርዱት ደረጃዎች ላይ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ አበባ ያስይዛችኋል። ውሃ ዳር ያስቀምጣችሁና ጸሎት ያስደግማችኋል። እግረ መንገዱንም እናት አባት አሉ ወይ፣ ስንት ወንድምና እህት አላችሁ እያለ ይጠይቃል። ደግ ጥያቄ ይመስላል። እጃችሁ ላይ ቀይ ክር ካሰረ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ የቤተሰባችሁ አባል ዋጋ ይቆርጣል፤ ያውም በዶላር። «ለእናትህ ትሰስታለህ?» ሲል ሰው ይሸማቀቃል። የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። አበባውን ከመጀመሪያው አትቀበሉ፤ ከተቀበላችሁም ደስ ያላችሁን ጥቂት ሩፒ ሰጥታችሁ ተነሱ።

መሄድ ለምትፈልጉ፣ ደላላ አያስፈልግም። እስከ አጅመር ከተማ በባቡር፣ ከዚያ ኮረብታውን ተሻግሮ ፑሽካር በአውቶቡስ ቅርብ ነው። ጨረቃዋ ሙሉ ከመሆኗ አንድ ሳምንት ገደማ ቀድማችሁ ድረሱ። ፓኬጅ የግድ ከሆነባችሁ፣ የድንኳኑን ስም፣ ትክክለኛ ቦታና ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ በጽሑፍ አስሰጡ። እኛ ገንዘባችንን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ወረቀቱ ላይ ቦታው ሊቀየር ይችላል ይላል» የሚል ነበር። እውነትም ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።