ለጎንደር ሠርግ የትኛው አበባ ይሻላል? ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ከባሕር ዳር የሚጫነው፣ ከጓሮ የሚቆረጠው ወይስ ሰው ሠራሹ?

የታናሽ እኅቴን ሠርግ አበባ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ በዘመድም በጎረቤትም ቤት ሠርግ ሲደገስ ስለ አበባው የምጠየቀው እኔ ሆኛለሁ። ጥያቄው ሁሌም ያው ነው፦ «ትኩስ እንግዛ ወይስ አርቴፊሻል እንከራይ? ከአዲስ አበባ እናስመጣ ወይስ ከባሕር ዳር?» እኔም መልሼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አበባው ከውሃ ወጥቶ ስንት ሰዓት ይቆያል? ከሰው ዓይን ምን ያህል ይርቃል? እነዚህ ሁለቱ ሳይታወቁ ስለ ዋጋ መነጋገር ገንዘብ ማባከን ነው።

መጀመሪያ ወቅቱ

ጎንደር ሠርግ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከዚያም ከፋሲካ ወዲህ ነው። ለአበባ ግን ሁለቱ ወቅቶች በጣም ይለያያሉ። ጥር ላይ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ በረንዳ ላይ ያደረ ጽጌረዳ ጠዋት ላይ ከገዛችሁት ቀን የባሰ አይሆንም። ሚያዝያ ላይ ግን ከተማችን ከዓመቱ ሙቀቷ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ፣ በጥር እስከ ማታ የሚቆየው ያው አበባ ከቀትር በኋላ መልፈስፈስ ይጀምራል።

ጥር ደግሞ የራሱ ችግር አለው። የአበባ እርሻዎች ዋና ገበያቸው ውጭ አገር ነው፤ አገራችን ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትልቋ አበባ ላኪ ናት። የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን የሚውለው የካቲት 7 ገደማ ነው። እርሻዎቹ ምርቱ ለዚያ ሳምንት እንዲደርስ አስቀድመው ተክሉን ስለሚገርዙት በጥር አጋማሽ ጽጌረዳ ሊሳሳ፣ የካቲት መግቢያ ላይ ደግሞ ሊወደድ ይችላል። ቀይ ጽጌረዳማ አይነሣ። ስለዚህ የጥር ሙሽራ ቀለሟን ቀድማ ትወስን፤ ክሬም ወይም ፈዛዛ ሮዝ ከመረጠች ሽሚያው ይቀንስላታል።

ጥር ላይ አዳራሹን በአደይ አበባ ማስጌጥ የሚፈልጉም ያጋጥሙኛል። አደይ የመስከረም ናት። በጥር የምታገኟት አደይ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ናትና ይህን አውቃችሁ ምረጡ።

አዲስ አበባ ወይስ ባሕር ዳር?

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሆለታና ከአካባቢው ደጋ እርሻዎች የተቆረጠ ነው። ደጋ ላይ ያደገ ጽጌረዳ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ጭንቅላቱ ይተልቃል፣ ዘንጉም ይወፍራል። ዝቅ ባለና ሞቅ ባለ ስፍራ፣ ለምሳሌ ዝዋይ የበቀለው ምርቱ ይበዛል፣ ጭንቅላቱ ግን አነስ ይላል። ይህ ለገዢ ትርጉም አለው፦ በትልልቁ 20 ፍሬ የሚሞላው እቅፍ በትንንሹ 30 ሊፈጅ ይችላል። ዋጋ ስታነጻጽሩ የአንዱን ፍሬ ዋጋ ብቻ አትዩ።

በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አበባው ከሱቅ ወጥቶ፣ ጭነት ክፍል ቆይቶ፣ አዘዞ ወርዶ፣ ቤት ደርሶ ባልዲ ውስጥ እስኪገባ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ይህ አያስፈራም። ጽጌረዳ ቅዝቃዜ እስካገኘ ድረስ በካርቶን ውስጥ ያለ ውሃ ብዙ ሰዓት ይችላል፤ የሚገድለው ሙቀት ነው። ካርቶኑ ፀሐይ ላይ እንዳይቀመጥ፣ ተቀባዩም አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት አዘዞ እንዲገኝ አድርጉ። በጥምቀት ሰሞን እንግዳው ስለሚበዛ የጭነት ቦታ ጠበብ ይላል፤ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

ከባሕር ዳር ጎንደር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ በሦስት ሰዓት ትንሽ ከፍ ባለ ጊዜ ይደረሳል፤ ትልቁ ጥቅሙ ደግሞ አበባው በባልዲ ቆሞ፣ ውሃ እየጠጣ መምጣቱ ነው። የቀለምና የዓይነት ምርጫው ከአዲስ አበባ ያንሳል። የመንገዱን ሁኔታ የምታረጋግጡት በዋዜማው ሳይሆን ከሠርጉ 3 ቀን በፊት ይሁን፤ ሐሳብ መቀየር ካስፈለገ ያኔ ጊዜ አላችሁ።

ለእኔ ፍርዱ ይህ ነው፦ ለሙሽራዋ እጅ ከአዲስ አበባ፣ ብዛት ለሚፈልገው ነገር ከባሕር ዳር። መንገዱ ካጠራጠረ ሁሉንም በአውሮፕላን አስመጥታችሁ ብዛቱን ቀንሱ።

በእኅቴ ሠርግ የሆነው

ያኔ ጽጌረዳና ካርኔሽን ከባሕር ዳር አዝዤ ነበር። ያመጣልን ሰው ከኋላ የጫነው አበባውን ብቻ አልነበረም፤ የበሰለ ሙዝም ነበረበት። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደረሰ፤ ሁሉም ደህና ይመስል ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ባልዲዎቹን ሳይ ጽጌረዳው ቆሟል። ካርኔሽኑ ግን ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እንደ ሕፃን ጡጫ ተጨብጧል። የምታጫውተኝ ትንሿ እኅታችን መብራቱን ጠጋ አድርጋ፣ «እታለም፣ ይኼ አበባ እኮ ተኝቷል» አለችኝ።

እውነትም ተኝቶ ነበር፤ የአበባ ሰዎችም እንዲሁ ነው የሚሉት። የበሰለ ሙዝ፣ ማንጎና ቲማቲም ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። ካርኔሽን ለዚህ ጋዝ በጣም ስስ ነው፤ አንዴ ከተዘጋ ተመልሶ አይከፈትም። የደረት አበባዎቹን በሙሉ በጽጌረዳ ተካን፣ የመኪናው አበባም በዚያው ልክ ሳሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሹፌር አስቀድሜ የምነግረው ከአበባ ጋር ፍራፍሬ እንዳይጫን ነው። ፍራፍሬ ያለበት የቤት ፍሪጅም ለአበባ አይሆንም።

ጽጌረዳ አንገቱን ከደፋ ግን ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ዘንጉ ውስጥ አየር ገብቶ ውሃ መሳብ መከልከሉ ነው። ዘንጉን ውሃ ውስጥ እንዳለ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቁረጡት፣ ከዚያ አበባውን በሙሉ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አስተኙት። ብዙው ቀና ይላል።

ሱቅ ውስጥ ምን ልይ?

ጽጌረዳውን ከአበባው በታች፣ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን በሉት። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው፤ ከለሰለሰ ሰንብቷል። የዘንጉ ጫፍ ጠቁሮ ከተሙለጨለጨ ወይም የባልዲው ውሃ ከሸተተ አትግዙ። ከላይ ያሉት ሁለት ሦስት ቅጠሎች አረንጓዴ ወይም ቡናማ ቢሆኑ ግን አትደንግጡ፤ ውስጡን የሚጠብቁ ናቸው፣ ሲነቀሉ ንጹሑ ይወጣል።

በአገር ውስጥ ገበያ ከሚሸጠው አበባ ብዙው ለውጭ ገበያ ያላለፈ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ዘንጉ ስላጠረ ወይም ስለጎበጠ ነው። የሙሽራ እቅፍ ሲሠራ ዘንጉ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች ተቆርጦ ይታሰራል፤ ታዲያ ለ70 ሴንቲ ሜትር ዘንግ ለምን ትከፍላላችሁ? ረጅሙን ለረጅም ብርጭቆ ብቻ ግዙ። ሰማያዊ ጽጌረዳ ደግሞ በተፈጥሮ የለም፣ የተቀለመ ነው። ውሃው ቬሎ ላይ ከተንጠባጠበ አይለቅም።

ከጓሮ የሚቆረጠው

ይህን የሚንቁ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን እወደዋለሁ። ውሃ የማያጣ ግቢ ውስጥ ካላ ሊሊ ይኖራል፣ ያ እንደ ጥሩምባ የተጠቀለለ ነጭ አበባ። ሳይንሳዊ ስሙ «ኢትዮጵያዊት» የሚል ቢኖርበትም መሠረቱ ደቡብ አፍሪካ ነው። ዘንጉ ወፍራም ስለሆነ ውሃ ይይዛል፣ ሲይዙትም ለፎቶ ያምራል፤ 7 ወይም 9 ፍሬ ብቻውን ለሙሽራ ይበቃል። ፈሳሹ ቆዳ ስለሚያሳክክ ከቆረጣችሁ በኋላ ዘንጉን አጥባችሁ በሪባን ጠቅልሉት።

ቡገንቪላ ግን ያታልላል። ቀለም ያለው ክፍል አበባው ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ይጠወልጋል። ለበር ቅስት ጠዋት ቆርጣችሁ ወዲያው ስቀሉት፣ ለእጅ ግን አይሆንም። ቀጋም እንዲሁ። ከሰሃራ በታች ያለችው አገር በቀል ጽጌረዳ እሷ ናት፣ ሽታዋም ደስ ይላል፤ ቅጠሏ ግን ቶሎ ይረግፋል።

ቄጠማውን፣ ዘንባባውንና አርቲውን አልረሳሁም። ለዳሱ ወለልና መግቢያ እነሱን የሚተካ የለም። እንግዳ ሲገባ የሚሸተው የተጎዘጎዘው ነው፤ ከመድረኩ የጽጌረዳ ሽታ ወደ በሩ አይደርስም።

ሰው ሠራሹ

ለመድረክ ጀርባ፣ ለጣሪያና ለጠረጴዛ ኪራይ አርቴፊሻል መጠቀም ምንም ነውር የለውም። 4 ሜትር ርቀት ላይ ማንም አይለየውም። ከቀትር ሙቀትም ከሹፌርም አያጨቃጭቅም። ግን ዕቃውን በቀን ብርሃን እዩት፤ በአዳራሽ መብራት ሥር ሁሉም ያምራል። አቧራው በየቅጠሉ መሐል ይሸሸጋል፣ የተፈታ ክርና የወጣ ሽቦም በቅርብ ይታያል። ፕላስቲክና ጨርቅ ስለሆነ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ሻማ አጠገቡ እንዳይደረግ ለዲኮር ሠሪው ንገሩት። ስትዋዋሉም በስልክ የሚያሳያችሁ ፎቶ የራሱ ሥራ መሆኑን ጠይቁ፣ የሚቀርበውን ዕቃ ራሳችሁ ፎቶ አንሡና ፎቶውን ከውሉ ጋር አያይዙ። ቀብድ ከዚያ በኋላ ነው።

ለሙሽራዋ እጅ ግን አርቴፊሻል አልመክርም። እናቷ ስታቅፋት፣ አባቷ ጉልበት ሲያስም፣ ፎቶ አንሺው ጠጋ ሲል ይታወቃል።

ስንት ፍሬ?

ለሙሽራዋ 25፣ ለሦስት ሴት ሚዜዎች 12 12፣ ለሙሽራው፣ ለወንድ ሚዜዎችና ለወላጆች ደረት 8፣ ለመኪናው 30። ድምሩ 99 ነው። 10 በመቶ መጠባበቂያ ስትጨምሩ 109 ይሆናል፤ በ20 በ20 የታሰረ ከሆነ 6 እስር መግዛት ነው። እዚህ ላይ ጠረጴዛ ካስገባችሁ፣ 20 ጠረጴዛ በ5 ፍሬ ሌላ 100 ይጠይቃል፤ ወጪው እጥፍ የሚሆነው በዚህ ነው። ጠረጴዛውን ለአረንጓዴ ቅጠልና ለኪራይ ዕቃ ተዉት።

ቀለሙና ሰዓቱ

ፎቶው ፋሲል ግንብ ወይም ፋሲል መዋኛ ከሆነ፣ ቡናማው ድንጋይ ፊት ክሬምና ነጭ አበባ ጎልቶ ይወጣል። ጥቁር ቀይ ግን በግንቡ ጥላ ውስጥ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። ሙሽራዋ ነጭ ቬሎ ለብሳ ነጭ አበባ ከያዘች ደግሞ አበባው ልብሷ ውስጥ ይጠፋል፤ በመሐሉ ፈዛዛ ሮዝ ወይም ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ይግባበት። ለሀበሻ ቀሚስ ቀለሙን ከጥለቱ ምረጡ።

ተክሊል ከሆነ ቀኑ ይረዝማል። ሙሽሮቹ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡት በሌሊት ነው፣ ዘውድና ካባም ይደረግላቸዋል፤ ስለዚህ የራስ አበባ አታዝዙ። ወደ ውስጥ አበባ ይዞ ስለመግባት የደብሩን አባቶች አስቀድማችሁ ጠይቁ። እቅፉን አንዷ ሚዜ በውሃ ይዛ ትቆይ፤ ከቅዳሴ በኋላ ለሙሽራዋ ይሰጣት።

በዋዜማው ማታ ከውሃ በታች የሚሆኑትን ቅጠሎች በሙሉ አንሡ። ባልዲውን አጥባችሁ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በረኪናና 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ስኳሩ ምግቡ ነው፣ በረኪናው ተሐዋሲያንን ይገድላል፣ ሎሚው ውሃው በዘንጉ ውስጥ እንዲወጣ ያግዛል። ከአዳራሽ ስትመለሱም እቅፉን ያው ውሃ ውስጥ መልሱት፤ ለመልስ ቀን ሙሽራዋ ካባ ለብሳ ስትቀመጥ አጠገቧ የሚደረግ አበባ ሌላ አትገዙም።