ፍሳሹን አነሳው፤ የት ደፋው?

የፍሳሽ መስመር ባልደረሰበት ሰፈር የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሞላው እንግዳ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለው የእኛ ግቢ ጉድጓድም የሞላው ጎረቤት አርፎ የለቅሶው ድንኳን ከአጥራችን ጥግ በተተከለበት ሳምንት ስለነበር፣ ወረፋ ጠብቆ ማስመጠጥ የማይታሰብ ሆነና ስልክ ቁጥሩን ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በር ላይ ያገኘሁትን የግል መጣጭ ቦቴ ጠራሁ። የባለቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ቅሬታዬ በዚህ አንድ መኪና ላይ የሚያበቃ አይደለምና።

ሥራው ጥሩ ነው። ቦቴው በተባለው ሰዓት ደረሰ፤ በስልክ የተነገረኝ ዋጋም በር ላይ ሲደረስ አልጨመረም (በዚህ ዘርፍ ይህ ብቻውን ሊመሰገን ይገባዋል)። ሾፌሩ ጠባቡን የኮብልስቶን መንገድ የማንንም አጥር ሳይነካ በኋላ ማርሽ ገባ። ረዳቱ ጓንትና ቦት ጫማ አድርጎ የኮንክሪቱን ክዳን በድጅኖ ፈነቀለ፤ ከታች የረጋው ዝቃጭ አልሳብ ሲል ደግሞ ብዙዎቹ እንደሚያደርጉት የላይ የላዩን መጥጦ ከመሄድ ይልቅ ውሃ እየጨመረ በረጅም እንጨት አማሰለውና ቱቦውን እስከ ወለሉ አወረደ። ሲጨርሱ ክዳኑን መልሰው ዙሪያውን በሲሚንቶ ለሰኑ፣ የፈሰሰውን አጠቡ፣ ሂሳቡንም በቴሌብር ተቀበሉ። ከታንከሩ ኋላ ያለው ቫልቭ ግን ያንጠባጥብ ነበር፤ ረዳቱ የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ጠምጥሞ አሰረበት እንጂ አልተስተካከለም።

ጥያቄዬ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። የሚደፉት የት እንደሆነ ስጠይቅ ሾፌሩ በትሕትና «ጋሼ፣ እሱን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። የገንዘቡን ደረሰኝ ያለ ችግር ቆርጦ ሰጠኝ፤ ፍሳሹ ማጣሪያ ጣቢያ መግባቱን የሚያሳይ ወረቀት ይሰጠኝ እንደሆነ ስጠይቀው ግን እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀው ደንበኛ እንደሌለ ነገረኝ። መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ ማጣሪያው ወዳለበት ወደ ቃሊቲ ሳይሆን በተቃራኒው ታጠፈ። ይህ የጥፋት ማስረጃ አይሆንም፤ በታንከሩ ውስጥ ቦታ ቀርቶት ወደ ሌላ ደንበኛ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአገልግሎቱ ግማሽ መጥጦ መውሰድ ከሆነ ሌላው ግማሽ በሚገባው ቦታ መድፋት ነውና፣ ገንዘብ የከፈልኩበትን ይህን ሁለተኛ ግማሽ የምገመግምበት ምንም መንገድ አልነበረኝም።

ማጣሪያ ካልገባ ወንዝ ውስጥ እንዳይደፋ እሰጋለሁ፤ ትንሹም ትልቁም የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክመው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ፤ ውሃውም ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ያልታከመ ዝቃጭ ወንዝ ውስጥ ሲገባ እሱን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣው ይታፈናል፤ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱም ለእንቦጭ ማዳበሪያ ይሆናል። የወስፋት እንቁላል ደግሞ በእርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ተመልሶ ወደ እኛው ገበያ እንደሚመጣ ስለምናውቅ ጉዳቱን በራሳችን ሆድ መለካት ለምደናል፤ ወንዙ ራሱ ተበደለ ብሎ መናገር ግን እንግዳ ይሆንብናል።

ሕጋችንም ነገሩን የሚያየው በአመዛኙ በዚሁ ዓይን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት የሰጠው ለሰዎች ሲሆን፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመጠበቅን ግዴታ በመንግሥትና በዜጎች ላይ ጥሏል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ አቤት እንዲል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይፈቅዳል። በሩ ሰፊ ነው። ሆኖም እኔ ራሴ በዚያ ቀን አቤት አላልኩም፤ ለቅሶ ነበረብኝ፣ ማስረጃም አልነበረኝም፣ ደግሞም አቤት እንድል የሚያስገድደኝ ነገር የለም።

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ የዋንጋኑይ ወንዝን ከተራራ መነሻው እስከ ባሕር መግቢያው የራሱ መብት ያለው ሕጋዊ ሰው አድርጋ ተቀብላለች። ከስያሜው ይልቅ የሚያስቀናኝ አብሮት የመጣው ዝግጅት ነው፤ አንዱ በመንግሥት፣ ሌላው ከወንዙ ጋር ትስስር ባላቸው የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ነገዶች የሚመረጡ ሁለት ሰዎች ወንዙን ወክለው እንዲናገሩ ተደርጓል፤ ለወንዙ ጤንነት የሚውል 30 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላርም ተመድቧል። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው የአካባቢ ሕግ ተፈጥሮ የመኖርና ራሷን የማደስ መብት እንዳላት ደንግጋለች። በሕንድ ግን የኡታራካንድ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ለጋንጀስና ለያሙና ወንዞች ሕጋዊ ሰውነት ሲሰጥ፣ የግዛቱ መንግሥት ወንዙ ሞልቶ ጉዳት ቢያደርስ ተከሳሹ ማን ሊሆን ነው ብሎ ይግባኝ ጠየቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ውሳኔውን አገደው። ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ተጠሪው እስከ ምን ድረስ እንደሚጠየቅ ያልታወቀ መብት መጨረሻው ይኸው ነው።

ወንዝ በሕግ ፊት ሰው ይሁን ሲባል ለሚስቅ ሰው ግን የዚያን ቦቴ ታንከር ባሳየው እወዳለሁ። በጎኑ ላይ በትልልቅ ፊደላት «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ማኅበር ሥጋና ደም የለውም፤ ሂሳቡን ብከለክለው ግን ጠበቃ ይዞ ይከሰኛል። ለአቃቂም እንዲሁ የሚሟገትለት፣ የዕለት ሥራው ቦቴዎችን እያስቆመ የመድፊያ ወረቀት መጠየቅ የሆነ፣ ካልጠየቀም ራሱ የሚጠየቅ ሰው ቢሰየምለት መብቱ ከወረቀት ያልፋል ብዬ አምናለሁ።

ለማስመጠጡ ሥራ ከአምስት አምስት እሰጣለሁ፤ ለአገልግሎቱ በሙሉ ግን ከሁለት አላሳልፍም። ባለቤቱ ፍሳሹ የተደፋበትን ቦታ የሚያረጋግጥ ወረቀት የሚያመጣ ከሆነ ጭማሪ ቢጠይቀኝም ደንበኛው እሆናለሁ፤ ካልሆነ ግማሹን ሂሳብ ብቻ ከፍዬ ቀሪውን ወረቀቱ ሲመጣ እንደምከፍል ሥራው ሳይጀመር እነግረዋለሁ። ዕድራችንም ለድንኳን ቦታ ቦቴ በሚጠራበት ጊዜ ይህንኑ እንዲያደርግ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ ገንዘብ ያዡ ከሾፌር ጋር መነታረክ እንደማይወድ ከወዲሁ ነግሮኛል።