ዊንዶውስ 11 ያልተቀበላት ላፕቶፕ፦ ሊኑክስ ሚንት በአማርኛ ተናጋሪ ቤት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቆም፣ ሳሎናችን ጠረጴዛ ላይ የምትውለው ላፕቶፕ ዕድሜዋ አሥር ዓመት ሊደፍን ተቃርቦ ነበር። ፕሮሰሰሯ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ነው፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ጥቂቶች ሲቀሩ፣ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። ያማከርሁት ጠጋኝ «ሽጣትና ጨምረህ ሌላ ግዛ» አለኝ። ስክሪኗም ኪቦርዷም ምንም ያልሆነውን ዕቃ ለመጣል ስላልጨከንሁ፣ ሃርድ ዲስኳን በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አስቀየርሁ፣ ራሟን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት አሳደግሁ፣ በኅዳር ወር ደግሞ ሊኑክስ ሚንት 22.2ን ጫንሁባት። ከዚያ ወዲህ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንና አብረውን የሚኖሩት አማቴ ሁላችንም የምንጠቀመው በእሷ ነው።

ሚንት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣ፣ ኡቡንቱ በተባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ፣ በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያስኬድ ነጻ ሥርዓት ነው። የ22 ተከታታዩ መሠረት ኡቡንቱ 24.04 ሲሆን ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። እኔ የመረጥሁት ሲናሞን የተባለውን ገጽታ ነው፤ ማውጫው ከታች በስተግራ፣ ሰዓቱ በስተቀኝ ስለሆነ ከዊንዶውስ የመጣ ሰው አይደናገርም። ራማቸው አነስተኛ ለሆነ ማሽኖች ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለ ገጽታ ይሻላል።

መጫኑ ከሚወራለት በላይ ቀላል ነበር። ወደ 3 ጊጋባይት የሚጠጋውን ፋይል አውርጄ ፍላሽ ላይ ከጻፍሁት በኋላ፣ ዲስኩን ሳልነካ ከፍላሹ አስነሥቼ ድምፁን፣ የስክሪኑን ብርሃንና ካሜራውን አንድ በአንድ ፈተሽሁ። ይህን እርምጃ ማንም እንዳይዘለው አጥብቄ እመክራለሁ፤ እኔም ዋይፋዩ እንደማይሠራ ያወቅሁት በዚሁ ጊዜ ነው። የዋይፋይ ካርዱ አምራች ድራይቨሩን፣ ማለትም ካርዱን ከሥርዓቱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ በክፍት ፈቃድ ስላላወጣው ለብቻው መጫን ነበረበት። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት አስፈለገኝ ማለት ነው። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ የስልኩን ዳታ ስከፍትለት ማሽኑ ወዲያው ተቀበለው፤ የድራይቨር ማኔጀሩም ተገቢውን ድራይቨር ራሱ አግኝቶ ጫነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ለእኛ ቤት ሚንትን የሚያስመርጠውም የሚያስጥለውም ፍጥነቱ ሳይሆን አማርኛ አጻጻፉ ነው። ከኪቦርድ ዝርዝሩ ውስጥ «አማርኛ» የሚል ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው እሱን መርጦ ተስፋ የሚቆርጥ ይመስለኛል። በእኔ ማሽን ላይ ግእዙን ፊደል እንጂ ካዕቡንና ሣልሱን ሊሰጠኝ አልቻለም። የሚያዋጣው መንገድ አይባስ የተባለውን የግቤት ሥርዓት ኤም17ኤን ከሚባለው ተጨማሪው ጋር ከሶፍትዌር ማኔጀሩ መጫን፣ ወጥቶ እንደገና መግባት፣ ከዚያም በአማርኛ ሥር «ሴራ» የሚለውን መምረጥ ነው። ስሙ ያስደነግጥ እንጂ ተንኮል የለበትም፤ የኢትዮጵያን ፊደል በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ የወጣ የቆየ ሥርዓት ምኅጻረ ቃል ነው። የኤስ ቁልፍ ብቻውን ስን ይሰጣል፤ አናባቢ ሲከተለው ሰ፣ ሱ፣ ሲ እያለ ይቀየራል። ኤክስ ለሸ፣ ትልቁ ቲ ለጠ፣ ትልቁ ሲ ለጨ ናቸው፤ ሁለት ነጥቡ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ሲነካ አራት ነጥብ ይሆናል።

አማቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለዓመታት የለመዱት ፓወር ግዕዝ ለዊንዶውስ የተሠራ በመሆኑ ለውጡን የፈራሁት በእሳቸው ምክንያት ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ለዕድራቸው ቃለ ጉባኤ ሲጽፉ አገኘኋቸው። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፦ «ሥላሴን በእሳቱ ሰ እያጻፈ ያስገምተኛል እንዴ?» አሉኝ። ንጉሡ ሠ የሚመጣው ከኢስኬፕ ሥር ያለችውን ምልክት አስቀድሞ በመንካት እንደሆነ ባሳየኋቸው ጊዜ ተረጋጉ፤ ፀሐዩ ፀም እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ ይህን ያህል ስለማልጠነቀቅ፣ እሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮ ፈልጌም አላገኘውም ነበር።

የተጻፈውን መክፈት ሌላ ነገር ነው። ከሚንት ጋር የሚመጣው ሊብረኦፊስ የዎርድ ፋይሎችን ይከፍታል፤ ይሁን እንጂ ከመሥሪያ ቤት የሚመጡልን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጻፉት ለዊንዶውስ በተሠራው ኒያላ ፎንት ነው። ፎንቱ በማሽኑ ላይ ከሌለ ሊብረኦፊስ በሌላ ይተካዋል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይም የባለቤቴ ሦስት ገጽ ሪፖርት አራት ገጽ ሆኖ የፊርማው ቦታ ብቻውን በመጨረሻው ገጽ ላይ ቀረ። ለራሳችን ጽሑፍ አቢሲኒካ የተባለውን ነጻ ፎንት ጭነን እንጠቀማለን፣ ውበቱም ከኒያላ አያንስም። ለሌላ ሰው የሚላከውን ግን በፒዲኤፍ ማውጣት ግድ ሆኗል። ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት የጋራ ኮድ ሳይስፋፋ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉት የአማቴ የድሮ ፋይሎች ደግሞ፣ ፎንታቸው እስኪገኝ ድረስ፣ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ነው የሚታዩት። ይህ ግን በሚንት ላይ የሚቆጠር ጥፋት አይደለም፤ ፎንቱ በሌለበት ዊንዶውስ ላይም ያው ነው።

ያልጠበቅሁት ጥቅም የመጣው ከፍላሽ ነው። የልጃችንን የትምህርት ቤት ወረቀት ከሰፈር ማተሚያ ቤት ባሳተምን ቁጥር ፍላሻችን ሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፤ ፎልደሮቹ ሁሉ ይጠፉና በቦታቸው አቋራጮች ይደረደራሉ። ሚንት ላይ ሲሰካ ግን ቫይረሱ የደበቃቸው ፎልደሮች በዊንዶውስ መደበቂያ ምልክት የተሰወሩ ስለሆኑ እንደወትሮው ይታያሉ፤ አቋራጮቹም ለዊንዶውስ የተጻፉ በመሆናቸው ቢነኩ እንኳ የሚያደርሱት ጉዳት የለም። መርጦ ማጥፋት ብቻ ነው። አሁን ጎረቤቶቻችንም ፍላሻቸውን ይዘው ይመጣሉ።

በዳታ በኩልም እፎይ ብለናል። የማሻሻያ ማኔጀሩ እያንዳንዱ ማሻሻያ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ አስቀድሞ ያሳያል፣ እኔ ካላዘዝሁትም አያወርድም፤ ስለዚህ ትልልቆቹን የሌሊት ጥቅል ስገዛ አወርዳቸዋለሁ። ባትሪዋ የደከመ በመሆኑ መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኗ ድርግም ትላለች፤ እስካሁን ግን ያለችግር ያልተነሣችበት ቀን የለም። ቢሆንም ታይምሺፍት በተባለው መሣሪያ የሥርዓቱን ቅጂ በየሳምንቱ አስቀምጣለሁ። ታይምሺፍት ሥርዓቱን እንጂ ፎቶና ሰነዳችንን ስለማይይዝ እነዚያን ለብቻ መገልበጥ ያስፈልጋል።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር ልጨምር። የሲናሞን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር አይሄድም። የእኛ አቆጣጠር ከምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሚል ግን፣ የዓለም ከተሞችን ሰዓት በምታሳይ ትንሽ አፕሌት ላይ ቦነስ አይረስን መረጥሁ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን ልክ 2 ሰዓት ታሳያለች። የማሽኑን የራሱን ሰዓት ግን በዚህ መንገድ መቀየር አይገባም፤ የፋይሎችን ቀንና የቀጠሮ ማስታወሻዎችን ያፋልሳል። አማቴ አርጀንቲና የምትባል አገር በአበሻ ሰዓት እንደምትተዳደር ለጓደኞቻቸው ማውራታቸውን ሰምቻለሁ፤ አላረምኋቸውም።

ፕሪንተራችን ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። አምራቹ ለሊኑክስ የሚሆን ድራይቨር ቢያወጣም ያስቀመጠው ሰው በማይደርስበት ገጽ ላይ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ማተሙን ያትማል፣ ስካነሩ ግን እስከዛሬ አልሠራልኝም፣ ሰነድ የምናነሣው በስልክ ነው። አዲስ ፕሪንተር የሚገዛ ሰው ያለተጨማሪ ድራይቨር የሚያትሙትን ዓይነቶች ቢመርጥ ይህ ሁሉ አያገኘውም። ቴሌግራም፣ ዙምና የባንክ ገጾች ያለ አንዳች እንከን ይሠራሉ።

ይህን ሁሉ ያየችው የባለቤቴ እህት ባለፈው ወር የራሷን ላፕቶፕ ይዛ መጣችና «ለእኔም ጫንልኝ» አለችኝ። የሂሳብ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የምትሠራው በፒችትሪ ሲሆን እሱ ለዊንዶውስ እንጂ ለሊኑክስ አልተሠራም። በሊኑክስ ላይ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን የሚያስኬዱ መንገዶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የደንበኞቿን መዝገብ ግን በእነሱ ላይ አላስይዛትም። ቡና ጠጥተን ማሽኗን ሳልነካ መለስሁላት።