ለመሥሪያ ቤቱ የትኛው የናፍጣ ኮምቢ?

ፍራንክፈርት፣ በአንድ የአሳንሰር ጥገና ድርጅት ውስጥ የመኪኖቹ ጉዳይ የእኔ ነው። ያሉን የናፍጣ ኮምቢዎች (ከኋላ ሰፊ የዕቃ ቦታ ያላቸው የቤት መኪኖች) የኪራይ ውላቸው እያለቀ ስለሆነ ሁለት ተተኪ ሞከርኩ፦ ስኮዳ ኦክታቪያ እና ፎልክስቫገን ፓሳት። ሁለቱም ባለ 2.0 ሊትር ሞተር፣ 150 የፈረስ ጉልበት፣ አውቶማቲክ።

ስለ ሞተሩ ብዙ አላወራም፤ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ከኋላ፣ የዕቃ መጫኛው ላይ ነው። ኦክታቪያ 640 ሊትር ይይዛል፣ ፓሳት 690። ሲያነቡት ትንሽ ነው። የመሣሪያ ሳጥኖቻችንን ስጭን ግን ፓሳት ሁሉንም ዋጠ፤ ኦክታቪያ ላይ አንድ ወንበር ማጠፍ ግድ ሆነ።

አውቶባን (የጀርመን ፈጣን መንገድ) ላይ ፓሳት ሶፋ ነው። የማርሽ መቀየሪያው ወደ መሪው ቀኝ ስለመጣ የዝናብ መጥረጊያው ማዘዣ ወደ ግራ ሄዷል። ሾፌሮቹ እስኪለምዱት ያጉረመርማሉ። ኦክታቪያ ደግሞ የነዳጅ መክደኛው ውስጥ የበረዶ መፋቂያ አለው። ጎህ ሳይቀድ ለሚወጣ ቴክኒሻን ይህች ነገር ወርቅ ናት!

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ “ዛሬም ናፍጣ?” ብሎ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው፤ እዚያ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። የእኛ ቴክኒሻኖች ግን አፓርታማ ነው የሚኖሩት፣ ማታ ቻርጅ የሚያደርጉበት የላቸውም።

ታክሱም አለ። እዚህ ጀርመን የመሥሪያ ቤቱን መኪና ለግል የሚጠቀም ሰው፣ ታክሱ ሲሰላ በየወሩ የመኪናው የዝርዝር ዋጋ (አዲስ ሲሆን ፋብሪካው ያወጣለት ዋጋ) 1% ገቢው ላይ ይደመርበታል። ስለዚህ ርካሹ ኦክታቪያ ለአብዛኞቹ፣ ፓሳት ሩቅ ለሚጓዙት። አድብሉ (የናፍጣ ጭስ የሚያጸዳ ፈሳሽ) መሙላት ግን አትርሱ፤ ካለቀ ሞተሩ እስኪሞላ ድረስ ዳግም አይነሳም።