ሃምፒ ስትሄዱ ከንጉሡ ግቢ ጀምሩ

ሃምፒ ደርሶ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የድንጋዩን ሰረገላ አየኸው?» ነው። አዎ፣ በሰረገላ ቅርጽ የተሠራውን ያን ትንሽ የድንጋይ ቤተ መቅደስ አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ልቤ የቀረው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ሃምፒ ደቡብ ሕንድ፣ ካርናታካ ግዛት፣ ቱንጋባድራ ወንዝ ዳር ናት። የቪጃያናጋራ ነገሥታት ዋና ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1565 በታሊኮታ ጦርነት ሲሸነፉ ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ቤተ መቅደሶቹ ድንጋይ ስለሆኑ ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል። የቤተ መንግሥቱ የላይኛው ክፍል ግን እንጨት ነበርና የቀረው መሠረቱ ነው። ለዚህም ነው አብዛኛው ጎብኚ የንጉሡን ግቢ በሩጫ የሚያልፈው።

እናንተ እንዳታልፉት! መጀመሪያ ማሃናቫሚ ዲባ የሚባለው ሰፊ የድንጋይ መድረክ ላይ ውጡ። ነገሥታቱ የበዓል ትርኢት የሚመለከቱት ከዚያ ላይ ነበር። ጎንና ጎኑ ላይ ዝሆኑ፣ ፈረሱ፣ ጨፋሪው፣ አዳኙ ተቀርጾበታል። ከዚያ ወርዳችሁ ባለደረጃውን የውኃ ገንዳ እዩ። ስንት ዘመን አፈር ውስጥ ተቀብሮ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው በቁፋሮ የወጣው። ጠጋ ብላችሁ ጥቁሩን ድንጋይ ተመልከቱ። ጠራቢዎቹ የጫሩት ምልክት አለበት፤ ይኼኛው በየት አቅጣጫ፣ በስንተኛው ረድፍ እንደሚገባ የሚናገር። እኔ እዚያ ጋ ፈዝዤ ቀረሁ። ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጽፏል፤ የሠራተኛውን እጅ እንዲህ በቅርብ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ጥላ የሚባል የለም፤ ማብራሪያ ሰሌዳውም ጥቂት ነው። ጥሩ አስጎብኚ ያስፈልጋችኋል፤ ውኃም ያዙ።

ወደ ቪታላ ቤተ መቅደስ ከመኪና ማቆሚያው ባለባትሪ መኪና ይወስዳል። ወረፋው ረጅም ከሆነ በእግር ሂዱ፤ መንገዱ ዳር የጥንቱ ገበያ ዓምዶች ተደርድረዋል። ቤተ መቅደሱ ግቢ ውስጥ ያለው የድንጋይ ሰረገላ ጋ ስትደርሱ ከፊት የቆሙትን የድንጋይ ዝሆኖች ብቻ አትዩ። ከኋላቸው የፈረስ እግርና ጭራ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ሰረገላውን እንደሚጎትቱ ሆነው የተቀረጹት ፈረሶች ናቸው፤ ዝሆኖቹ በኋላ የመጡ ናቸው። እዚያው ቤተ መቅደስ ያሉትን፣ ሲነኩ ድምፅ የሚሰጡትን ዓምዶች መምታት ክልክል ነው። አንድ አስጎብኚ ሊያንኳኳ ሲል ጥበቃው አስቆመው፤ እሰይ ነው ያልኩት።

ቪሩፓክሻ ዛሬም የሚጸለይበት ቤተ መቅደስ ነው። እዚያ ከኋላ ያለችውን ጨለማ ክፍል እንዳትረሱ። በትንሽ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን የመግቢያውን ማማ ግድግዳው ላይ ገልብጦ ያሳያል።

ባቡሩ የሚያወርዳችሁ ሆሳፔቴ ነው፤ ከዚያ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ በባጃጅ ነው። ለንጉሡ ግቢ ትኬት አልጠየቁኝም። ለቪታላ የውጭ ዜጋ 600 ሩፒ ይከፍላል። ያው ትኬት ሎተስ ማሃል የሚባለው የነገሥታቱ ሕንፃና የነገሥታቱ ዝሆኖች ጋጣ ወዳሉበት ግቢም ያስገባል፤ የሚሠራው ግን ለዕለቱ ብቻ ስለሆነ ቪታላንና ይህን ግቢ በአንድ ቀን ጨርሷቸው።